የአባዬ ወረቀትና ሁለቱ መንግሥታት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን እኔና ወንድሜ አባዬ የተወልንን ቤት ካርታ በስማችን ለማዞር ስንሯሯጥ ከረምን። ሳጥኑን ስንፈትሽ አንድ የቆየ ወረቀት ወጣ። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣ ማህተሙ ወይን ጠጅ ሆኖ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል፦ ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ አውራጃ። ለወጣቶቻችሁ ልንገራችሁ፣ ያኔ የከፋ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ዛሬ ጅማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ ከፋ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። የጎጀብን ወንዝ ከተሻገራችሁ ክልል ተሻገራችሁ ማለት ነው።

ቋንቋውም አብሮ ይቀየራል። የከፋዋ ቦንጋ ላይ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ እኔ ተወልጄ ባደግሁባት ጅማ ኦሮምኛ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ያደርግና፣ የክልሎቹን ለየራሳቸው ይተወዋል። እኔ ደግሞ መርካቶ ላይ የምከራከርበት ኦሮምኛ አለኝ፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይበቃል፣ ለፍርድ ቤት ግን አይሆንም። ስለዚህ ማመልከቻ ጻፊ ጋ ሄድን።

ከዚያ በፊት አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ አመላልሶን ነበርና ንዴቴ አልበረደም። “ፌዴራል ድረስ እወስደዋለሁ!” አልኩ። ማመልከቻ ጻፊው፣ ድሮ ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ፣ ከላፕቶፑ ቀና ብሎ ሳቀ። “ቲቸር፣ መሬት የሚያስተዳድረው ክልል ነው እኮ። አዲስ አበባ ቢሄዱም መልሰው ወደዚሁ ነው የሚልኩዎት።”

ልክ ነው። ማታ አነበብኩት። የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶች። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ ያልተሰጠው ሁሉ የክልል ነው ይላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ “መንግሥት” ስል አንድ ነገር ነበር የሚታየኝ፤ ጫፉ አዲስ አበባ፣ ጅራቱ ቀበሌ። ሁሉም አቤቱታ ዞሮ ዞሮ ላይኛው ዘንድ ይደርሳል ብዬ። የዙፋን ችሎት ልማድ ይሆን?

ለነገሩ ቤታችንም ለሁለት ተከፍሏል። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ የፌዴራል ሠራተኛ ነው፤ የሥራ ግብሩ ለፌዴራል ይገባል። እኔ የክልል ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ የኔው ለኦሮሚያ። አንድ ትሪ ላይ እየበላን ለሁለት መንግሥት እንገብራለን! ወንድሜ ይህን ስነግረው “የኔው መንግሥት ይበልጣል” ብሎ ቀለደ። አይበልጥም። በሥራ ድርሻቸው ነው የሚለያዩት፤ ከሁለቱም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 9 ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግም፣ ልማድም፣ የባለሥልጣን ውሳኔም አይጸናም ይላል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” እየተባለ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት እንኳ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ለሕዝባቸው የሰጡት፤ የሰጠን ሰው ደግሞ በሰጠው ነገር መክሰስ ይከብዳል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ተርጓሚው። በብዙ አገር ሕገ መንግሥት ሲያከራክር ዳኞች ይወስናሉ። እኛ ጋ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሚተረጉመው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ ሐሳብ ያቀርብለታል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው። በ2012፣ ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም፣ ባለሙያዎቹ አጣሪ ጉባኤው ፊት ሲከራከሩ በቴሌቪዥን አይታችኋል። እኔ ወጥ እስኪያርብኝ ነበር የተከታተልኩት።

ምክንያቱ ይገባኛል። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነው ከተባለ፣ የተዋዋሉት ራሳቸው ይተርጉሙት ነው ነገሩ። እድራችንም እንደዚያው ነው፤ ደንቡ ሲያጣላን ጠቅላላ ጉባኤ እንጠራለን። ችግሩ፣ እድራችን ውስጥ ሊቀመንበሩና አንድ አባል የተጣሉ ጊዜ ጉባኤው ማንን እንደሚፈራ አይቻለሁ። ያኔ ከሌላ ሰፈር ሽማግሌ ያመጣነው እኮ ወደን አይደለም። ሕገ መንግሥቱንም ቢሆን ከፖለቲካ ወንበር የራቀ ዳኛ ቢያየው ይሻላል ባይ ነኝ። ወንድሜ አይስማማም፤ “ዳኛውንስ ማን ሾመው?” ይለኛል። ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቼ ቡና ላፈላ ተነስቻለሁ።

የወራሽነት ማስረጃውን ፍርድ ቤት ሰጥቶናል። ካርታ ክፍል ያለችው ልጅ የአባዬን ወረቀት ኮፒ አስደርገን እንድናመጣ አዘዘችን። ኮፒው ላይ የአሁኑን ማህተም አሳረፈችበት፤ ከድሮው ጎን፣ ደማቅ ሰማያዊ። ዋናውን ወንድሜ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ሳጥኑ መልሶታል። ካርታው ገና ነው፤ ሰኞ ኑ ተብለናል።