ቀላል ላፕቶፕ ለዲዛይን ስትገዙ ስሙን ሳይሆን ዋቱን ጠይቁ

(ሚዛን ይታያል፣ ትልቁ ላፕቶፕ ይቀመጥበታል)

ይሄ የድሮው ላፕቶፔ ነው፣ 15.6 ኢንች፣ ብቻውን 2.4 ኪሎ። አሁን ቻርጀሩን ልጨምርበት... አያችሁ? 3 ኪሎ አለፈ። ይሄን አዝዬ ነው ሶስት አመት ሙሉ መገናኛ ታክሲ ስጋፋ የኖርኩት፣ ትከሻዬ ይመስክር። ሻጭ ኪሎ ሲነግራችሁ ቻርጀሩን አይቆጥርም፣ እሱን ያዙልኝ።

እና «ትንሽ ልግዛ ግን ስራዬ እንዳይጎተት» ለምትሉኝ፣ አቅሙን ስሙ ላይ አታገኙትም። አርቲኤክስ 4060 የሚል የግራፊክስ ካርድ ስቲከር ታያላችሁ አይደል፣ የላፕቶፑ 4060 ግን እንደ አምራቹ ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ድረስ ኃይል እየወሰደ ነው የሚሰራው፣ ዋቱ ሲያንስ ፍጥነቱም ያንሳል፣ ስሷ ላፕቶፕ ሙቀቱን ቶሎ ማውጣት ስለማትችል ዋቱን ይቀንሱባታል፣ ስም አንድ ሆኖ አንዱ ሬንደር (ስራውን ወደ መጨረሻ ምስል ወይም ቪዲዮ መቀየሩን) ጨርሶ ሌላው ገና ግማሽ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ኢንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ፣ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» የሚል አለ፣ እሱን አንብቡ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች፣ ብሩ የናንተ ነው።

ፕሮሰሰርም ያው ነው። «ኮር አይ ሰቨን ነው» ይሏችኋል፣ መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል ግን ማንም አያነብላችሁም። ዩ ከሆነች በ15 ዋት አካባቢ የምትሰራ ባትሪ ቆጣቢ ነች፣ ኤች ከሆነች 45። ለምሳሌ አይ ሰቨን 1355ዩ 10 ኮር (ስራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ነው ያለው፣ አይ ፋይቭ 13500ኤች ደግሞ 12፣ ረጅም ሬንደር ላይ አይ ፋይቩ ይቀድማል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው፣ ተዉት።

ግን ሁላችሁም ይሄ አያስፈልጋችሁም እኮ። ሎጎ፣ ፍላየር፣ ባነር ምናምን በኢሉስትሬተርና በፎቶሾፕ የምትሰሩ ከሆነ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ራሙን ተመልከቱ፣ 16 ጊጋ ትንሹ ነው። ቀላል ላፕቶፖች ላይ ራሙ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ «በኋላ እጨምራለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ማክቡክ ኤርስ? ኤም 1 ቺፕ ያለው ኤር 1.29 ኪሎ ነው፣ ማቀዝቀዣ ፋን የለውም፣ ለ2ዲ ስራ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ብቻ ፍጥነቱ ብዙም አይወርድም፣ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ዊንዶውሶች ግን ከሶኬት ሲነቀሉ ወዲያው ይደክማሉ። ረጅም ሬንደር ላይ ግን ፋን ስለሌለው ይሞቅና ይቀዘቅዛል፣ ማለቴ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አፕል የኤርን መነሻ ራም 16 ያደረገው በ2024 መጨረሻ ነው፣ ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ አብዛኛው 8 ነው፣ አጣሩ። አርክቴክት ከሆናችሁ ደግሞ ማክን እርሱት፣ የህንጻና የ3ዲ ሶፍትዌሮቹ ሬቪትም 3ዲኤስ ማክስም ማክ ላይ የሉም።

ስክሪን። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። «45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ» (ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም እንደሚያሳይ መለኪያ ነው) የሚል ካያችሁ ጥላችሁ ውጡ፣ ቀዩ ጡብ ይመስላል፣ ደንበኛ ባነሩ ታትሞ ሲመጣ የሚጣላው ከናንተ ጋር ነው። ሙሉ ኤስአርጂቢ (መደበኛውን የቀለም ስፋት) የሚያሳይ ፈልጉ። እኔ ከዚህ በፊት ያሳተምኩትን ፍላየር ፋይሉን በፍላሽ፣ ወረቀቱን በእጄ ይዤ ሄጄ ነው ሱቁ ውስጥ ያመሳከርኩት።

(አዲሱ ላፕቶፕ ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል)

ይሄው ባለ 14 ኢንቹ፣ 1.5 ኪሎ። ከባዱ ቻርጀር ቤት ነው የሚቀመጠው፣ ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባው ይቺ ባለ 100 ዋት ታይፕ ሲ ነች። ከባድ ሬንደር ላይ አትበቃውም፣ ባትሪው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከባዱን ሬንደር ማታ ቤት ገብቼ ነው የምለቀው።