ሽልንግ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምቀዳው አዳማ፣ ከቤቴ ሆኜ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁ ይሰማችሁ ይሆናል። መስኮቱን መዝጋት አልቻልኩም፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም።

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። ሽልንግ።

አያቴ "ሃምሳ ሳንቲም" ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሃያ አምስቱ ስሙኒ፣ ሃምሳው ሽልንግ ነው። ልጅ ሆኜ "ሽልንግ ቆሎ ግዛልኝ" ብላ ትልከኝ ነበር። ቃሉ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። እንደ እንጀራ፣ እንደ ውሃ የራሳችን መስሎኝ ነበር።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ መቀነቷን ፈትታ አንድ ሳንቲም አሳየችኝ። ከብር የተሠራ ነው። በአንድ በኩል ጃንሆይ፣ በሌላው አንበሳ። ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ይላል። "ይኼ ነው ሽልንግ ማለት" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስከታተል ቆየሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው መጡ። ገበያው ላይ ከጠገራ ብር ጋር አብሮ ይሠራበት ነበር። እንግሊዞቹ እንዲቆይ ይፈልጉ ነበር። ጃንሆይ ግን የራሳችን ገንዘብ ይኑረን ብለው ጸኑ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ወጣ። በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ተባለ፣ በእኛ አፍ ያው ብር ነው። ኖቶቹ ላይ የፈረመው የመንግሥት ባንኩ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ሳንቲሞቹም የተመቱት አሜሪካ ነው።

ምንዛሪው እንዲህ ነበር። አንድ ብር በሁለት ሽልንግ። ስለዚህ የብር ግማሽ፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ ሽልንግ ሆኖ ቀረ። የእንግሊዙ ሽልንግ ከገበያ ወጣ፣ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ይህ በጣም ይገርመኛል። አያቴ ቆሎ ስታስገዛኝ፣ ሳታውቀው የ1937ን ምንዛሪ እየነገረችኝ ነበር።

ሃያ ሽልንግ ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር። ያኔ ፓውንድ በእኛ ወደ አሥር ብር ይመነዘር ነበር ማለት ነው።

ከዚያስ? በመስከረም 1942 እንግሊዝ ፓውንዷን ቀነሰች። ከ4 የአሜሪካ ዶላር ከ3 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ80 ወረደ። የእኛ ብር ከዶላር ጋር ባለበት ቆመ። ፓውንዱም በአንድ ጊዜ ወደ ሰባት ብር ወረደ። በኅዳር 1960 እንደገና ቀነሱት፣ ስድስት ብር ሆነ።

አሁን የምነግራችሁን ቁጥር ሳገኝ ወረቀቱን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በደርግ ጊዜ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተቆልፎ ነበር። በየካቲት 1977 ዶላር በዓለም ላይ በጣም ጠነከረ። ፓውንድ ወደ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ወረደ። አስሉት እስቲ። አንድ ፓውንድ በይፋዊው ምንዛሪ ወደ 2 ብር ከ20 ሳንቲም መጣ።

1977ን አስቡ። ወሎና ትግራይ ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር። በዚያው ወር ብራችን፣ ወረቀት ላይ፣ የፓውንድን ግማሽ ሊያህል ደርሶ ነበር። ጥቁር ገበያው ሌላ ዋጋ እንደነበረው አውቃለሁ። ግን ሰው "ያኔ ብር ብር ነበር" ሲል በሰማሁ ቁጥር ያቺ የካቲት ትመጣብኛለች። ብሩ የጠነከረው ከዶላር ጋር ስለታሰረ ነው። የሰው ጎተራ ባዶ ነበር። ይህን ሳላነሳ ስለ ምንዛሪ ማውራት አልችልም።

በ1985 መስከረም ዶላር ከ2 ብር ከ7 ወደ 5 ብር ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ኖረነዋል፣ አላስረዝመውም።

የሐምሌ 22 ቀን 2016ቱን ግን ላንሳ፣ ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀበትን። እህቴ ለንደን ናት፣ ሽማግሌዎችን ትንከባከባለች። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ፓውንዷ ባንክ ውስጥ ሰባ ምናምን ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ደውላ "አሁንማ ይበቃችኋል አይደል?" አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔ የዘይቱንና የሽንኩርቱን ዋጋ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። እዚያ ሌሊት ቆማ የምታድር ልጅ ናት።

ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ላከች። አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ዘጠና ልትሞላ ነው፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። አባቷ ነጋዴ ስለነበሩ ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

"አንዱ ፓውንድ ስንት ሽልንግ ገባ?" አለችኝ።

ብሩን በሁለት አባዛሁት። "ከሦስት መቶ በላይ፣ እማዬ።"

ትንሽ ዝም አለች። እጇ መቀነቷን ያዘ።

"ሃያ አልነበር እንዴ?" አለች።