ሰባት ቀለም ያላት ሳንቲም

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ወደ ፖላንድ በደህና መጣችሁ።

እስቲ ወንበራችሁ ላይ ያስቀመጥኳትን ሳንቲም አንሷት። 50 ግሮሽ ናት፤ የዝሎቲ፣ ማለትም የፖላንድ ገንዘብ፣ ግማሽ። ሻይ እንኳ አትገዛም። ስሟ ግን ምላስ ያስራል።

እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ዳቦ ስገዛ ባለሱቋ ዝርዝር ጠየቀችኝ። የሰማሁት ዶፍ ነው፦ «ፕየንችጄሼንቾግሮሹፍካ»። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ «አዎ» ብዬ ዝም ብዬ ቆምኩ። ለካ አንድ ቃል ነው! ሲጻፍ 23 ፊደል ይፈጃል።

ሲፈታ ግን አያስፈራም። መጀመሪያ «አምስት» እና «አሥር» ተጣብቀው ሃምሳ ሆነዋል። ቀጥሎ ያለችው «ኦ» ሙጫ ናት፣ ትርጉም የላትም። «ግሮሽ» ሳንቲሙ ነው። «ኡፍካ» እኛ «ባለ» የምንላትን ሥራ ከኋላ ሆና ትሠራለች። ባለ ሃምሳዋ፣ በቃ። «ስላልተመላለሱልንም» የሚል ሕዝብ በዚህ መደንገጥ የለበትም።

የሚያስቸግረው ቀለም ቆጠራው ነው። ቀለም የምለው አንድ አናባቢ ይዞ ባንዴ የሚጠራውን የቃል ቁራጭ ነው። ቃሉ ሲጻፍ 11 አናባቢ ታያላችሁ። ሲነገር ግን 7 ቀለም ብቻ ነው፦ ፕየንች፣ ጄ፣ ሼን፣ ቾ፣ ግሮ፣ ሹፍ፣ ካ። አራቱ የት ገቡ? አራቱም «ኢ» ናቸው። እዚህ ቃል ውስጥ «ኢ» ሌላ አናባቢ ፊት ስለቆመች ራሷን ችላ አትጠራም። ከእሷ ቀድሞ ያለውን ተነባቢ ታለሰልስና ትጠፋለች። «ስ»ን ወደ «ሽ» የወሰደችው እሷ ናት። እኔ አራቱንም እየጠራሁ ስንት ወር ሰው አሳቅኩ መሰላችሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ከራሳችን የመጣ ነው። «ግሮ» ስንል በ«ግ» እና በ«ሮ» መሃል ሳናውቀው ትንሽ «እ» እናስገባለን። ፖላንዶች ደግሞ ለኛ «እ» በጣም የቀረበ አናባቢ አላቸው። ስለዚህ ያቺ ትንሽ «እ» ስምንተኛ ቀለም ሆና ትሰማቸዋለች።

ጫን ተብሎ የሚጠራው ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ያለው ቀለም ነው፤ እዚህ «ሹፍ»። መጨረሻ ላይ «ሚ» ብትጨምሩ ጫናው ወደ «ካ» ይሸሻል። «ኡኒቬርሲቴት»ን የመሰሉ አፈንጋጮች አሉ፤ ለዛሬ እንተዋቸው።

እኔን የጠቀመኝ ከጭራው መጀመር ነው። ሳንቲሟን እንደያዛችሁ አብረን እንበል፦ ካ። ሹፍካ። ግሮሹፍካ። ቾግሮሹፍካ...