ሽሚት ቁጥር ሁለት

እየቀዳ ነው? እሺ እየቀዳ ነው። ዛሬ ስለ ቤት አከራዬ አላወራም፣ ተገላገላችሁ።

ያ ሽሚት አለ አይደል፣ ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ስሙ ብረት ቀጥቃጭ ማለት እንደሆነ ምሳ ላይ ሲያወራ "የኔም አያት እኮ ቀጥቃጭ ነበር" አልኩት፣ ሰውዬው በደስታ ሊሞት፣ ይኸው ሽሚት ቁጥር ሁለት ሆኜ ቀረሁ። ይሄን ታውቃላችሁ። ያልነገርኳችሁ የእማዬን ነው። ቪዲዮ ኮል ላይ ልጄ ከኋላ "ሽሚት!" ብሎ ሲጠራኝ ምንድነው አለች፣ እየሳቅኩ ነገርኳት። ዝም። ኔትወርኩ መስሎኝ "እማ፣ ይሰማሻል?" ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማን ነገራቸው?" አለችኝ። ማን ነገራቸው! ቤቱ ውስጥ እኮ ብቻዋን ናት፣ ከማን ነው ድምፅ የምትቀንሰው? እኔ ነኝ አልኳት። "እሺ፣ በልተሃል?" ብላ ወሬ ቀየረች።

ማን ነገራቸው… እቃ ሳጥብ እንኳን ይመጣብኛል።

እዚህ አገር እኮ ስሙ ሞልቷል፣ ጀርመን ውስጥ አንደኛው ሙለር ነው፣ እህል ፈጪ፣ ቀጥሎ ሽሚት። ሌላም አገር ቀጥቃጭ የሚል ስም አለ፣ ሀንጋሪ ኮቫች፣ ፖላንድ ኮቫልስኪ፣ ጣሊያን ፌራሪ፣ አዎ መኪናው፣ አጎቴ ይሄን ቢሰማ… ተዉት። የበዛው ደሞ ሰዉ ሁሉ ብረት ስለቀጠቀጠ አይደለም። መንደሩ በሙሉ ገበሬ ከሆነ ዮሐንስ ገበሬው ብትል ማን ይለየዋል፣ ቀጥቃጭ ግን ለመንደሩ አንድ ነው፣ ዮሐንስ ቀጥቃጩ ካልክ አለቀ። ከዛ ስሙ ቀስ እያለ ለልጅ መውረድ ጀመረ፣ ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆንም ቀጥቃጭ ተብሎ ቀረ። እንግሊዞቹ ጋ ዌብስተር መጀመሪያ ሴት ሸማኔ ነበረች፣ የማርጋሬት ታቸር ስም ደሞ ሳር ቤት የሚከድን ማለት ነው፣ ያውም የባሏ ስም ነው፣ እንዴት እንደሳቅኩ… ከየት ነበር የመጣሁት?

ሙለር። ሙለር እኮ ድሮ የተናቀ ነበር! ወፍጮው የጌታው ነው፣ ገበሬው ሌላ ጋ ማስፈጨት አይችልም፣ ስለዚህ ፈጪው ዱቄት ይሰርቃል ተብሎ ይታማል፣ ብዙ ቦታ የፈጪና የሸማኔ ልጅ የባለሙያ ማኅበር ውስጥ አይገባም። በ1548 አትከልክሏቸው የሚል የንጉሠ ነገሥት ሕግ ወጣ፣ ማን ሰምቶ፣ በ1577 ደገሙት፣ በ1731 እንደገና። ቀጥቃጮቹ ግን የራሳቸው ማኅበር ያላቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፣ ለዛ ነው መሰለኝ ሽሚት ደረቱን የሚነፋው። እኛ ጋ ቀጥቃጭ ከተባለ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ ማታ ጅብ ይሆናል ምናምን። ምኒልክም በኛ 1900 ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። እና በጀርመኖቹ ስናሰላው ገና ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው? አይ፣ ይሄ ሂሳብ ደስ አላለኝም፣ እማዬ ሁለት መቶ ዓመት የላትም።

እና እሁድ ስደውል ልጠይቃት ብዬ ነበር፣ ግን ጎረቤት ቡና ላይ ካሉስ… ቆይ ግን፣ ለአያቴ ወናፍ ትነፋ የነበረችው እኮ ራሷ ናት፣ ይሄን ያወራችልኝ ደሞ እየሳቀች ነው፣ እንደውም በእጇ እያሳየችኝ፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው… እንጃ። እንጃ ባካችሁ።