«ቫይታሚን ነው» አልኳት
(የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ጎንደር)

እናቶች፣ አባቶች፣ በተለይ ደግሞ የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አያቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዘዞም ከቆላድባም በሌሊት የተነሳችሁ አላችሁ። ቡናው ከኋላ ነው፤ ሳታፍሩ ተነስታችሁ ቅዱ።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያነባል። እኔ አንድ ነገር ላውራችሁ።

ልጄ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስትጀምር ገና ነፍስ አላወቀችም ነበር። ከፍ ስትል «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ቫይታሚን ነው» አልኳት። የዕቃውን ወረቀት ልጬ ጣልኩ። ክኒኑ ሲንኳኳ ጎረቤት እንዳይሰማ ጥጥ ጠቀጠቅሁበት። ስትስቁ አያችኋለሁ፤ እናንተም ጠቅጥቃችኋላ!

11 ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤት ስለ ኤች አይ ቪ ተማሩ። በየቀኑ፣ በሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ ሰማች። ማታ «እማዬ፣ የኔ ቫይታሚን ስሙ ማነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የምትውጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፍራሽ ሥር ትደብቀው ኖሯል። በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍ ብሎ ባይገኝ ኖሮ አላውቅም ነበር። እሷን አልወቅስም። የዋሸኋት እኔ ነኝ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ንገሩ አልልም። ለ6 ዓመት ልጅ «ደምህ ውስጥ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ያስተኛዋል» ማለት ይበቃል። የቫይረሱን ስም ግን 12 ሳይሞላው ከእናንተ አፍ ይስማ። ከከበዳችሁ ነርሷ አብራችሁ ትቀመጥ። እኔና ልጄን ያስታረቀችን ነርስ ናት።

መድኃኒቱ ራሱ ቀሎልናል እኮ። ሕፃናቱ የሚተፉት ያ መራራ ሽሮፕ ትዝ ይላችኋል? አሁን ለትንንሾቹ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዶሉቴግራቪር የሚባል የኤች አይ ቪ ክኒን አለ፤ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. በፊት ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒትን በገንዘቡ ይገዛ እንደነበር አትርሱ።

የፀበሉን ነገር ልንካው። ጎንደር የ44ቱ ታቦት አገር ናት፤ ፀበል አትሂዱ የሚል የለም። ብቻ ክኒኑን ቤት ትታችሁ አትሂዱ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ሁለቱን አንድ ላይ ውሰዱ ብለው መክረዋል። ከፓትርያርኩ በላይ አዋቂ የሆነ ጎረቤት ሲገጥማችሁ ይህን ንገሩት።

ከገጠር ለምትመጡት፦ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ በቀጠሯችሁ ቀን መጠባበቂያ ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ አትውጡ።

ልጆቹ ውጭ ኳስ ይዘዋል። ኳሷ ወደ አዳራሽ ከገባች አትቆጧቸው፣ መልሱላቸው። ጉባኤው ተከፍቷል።