ጥድ ስንል የትኛውን ነው?

[ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቅርንጫፎች]

እንዴት ናችሁ! እነዚህን ሁለት ቅርንጫፎች ኮምቦልቻ ላይ ላገኛችሁት ሰው አሳዩት። ሁለቱንም «ጥድ ነው» ይላችኋል። አልተሳሳተም። ስሙ አንድ፣ ዛፉ ግን ሁለት ነው።

በቀኝ ያለው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የየጎፍ ደን የአገር ልጅ። የሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። በግራ ያለው የፈረንጅ ጥድ፣ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ነው። የዚህኛው አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው።

ቅጠላቸው ያሳስታል። ዛፎቹ ሲያድጉ የሁለቱም ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባል። ስለዚህ ፍሬ እንፈልግ።

[ፍሬዎቹ በቅርበት]

የሐበሻው ፍሬ አተር ታክላለች። ስትበስል ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ በጣት ስትጫኗት ትፈርጣለች። የፈረንጁ ደግሞ እንጨት የመሰለ ኳስ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በቃ፣ ለየናቸው!

የዕፅዋት ተመራማሪ ግን «አየሁት» ብሎ አይሄድም። ናሙና ይወስዳል። ቅርንጫፉን ተጭኖ ለማድረቅ ዕቃው ተራ ነው፦ ሁለት የእንጨት ፍርግርግ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ማሰሪያ ቀበቶ። ጋዜጣው እርጥበቱን ይመጥጣል፤ በየቀኑ ካልተቀየረ ናሙናው ይሻግታል። በክረምት፣ ደሴ ጉም ውስጥ ተቀምጦ ቅጠል ማድረቅ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የደረቀው ናሙና ለጥቂት ቀናት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ይገባል፤ ነፍሳት እንዳይበሉት። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤት ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስቀምጠው እንዲህ ያለውን ነው።

[ትንሽ ከረጢት]

ይቺን ታውቋታላችሁ። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው እርጥበት መጣጭ ናት። የቅጠል ቁራጭ ከእሷ ጋር ሲታሸግ ቶሎ ይደርቃል፤ ዲ ኤን ኤው አይበላሽም። በ2009 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች ዕፅዋትን በዲ ኤን ኤ ለመለየት በሁለት የዘረ መል ክፍሎች ለመጠቀም ተስማምተዋል። ለእኛ ሁለት ጥዶች ግን ለምን ገንዘብ እናባክናለን? ፍሬዋ ትበቃለች።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የሐበሻ ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። ለቤትም ለአጥርም ሲቆረጥ የኖረው ለዚህ ነው፤ እድገቱ ደግሞ አዝጋሚ ነው። በዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ስለዚህ «አንድ ሺህ ጥድ አለን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የትኛው ጥድ ብላችሁ ጠይቁት። ቀጥሎ፣ ስንቷ ሴት ናት?

ከናሙናው ጋር መግለጫ ይያያዛል፤ መግለጫ የሌለው ናሙና ከድርቆሽ አይሻልም። ከፍታ መጻፍ አትርሱ። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ደሴ እስክትደርሱ ከ500 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ በዚያች መንገድ ብቻ ዕፅዋቱ ይቀያየራል። በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም በእርጥበት ይለቃል።

[እጅ ሲጽፍ]

«ቦታ፦ የጎፍ፣ ኮምቦልቻ። ፍሬ፦ ለስላሳ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ዛፍ፦ ሴት።»