ለአሸንዳውስ ማን ይክፈል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የቅርስ ወዳጆች፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ግን ከአንድ የጣሪያ አሸንዳ ልጀምር።

አንድ ጊዜ አንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። ቅጠሉ በስብሶ አፈር ሆኗል፤ አፈሩ ላይ ሣር በቅሏል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ወርጄ ውስጥ ስገባ የግድግዳው ሥዕል ቀለሙ አብጦ ጠበቀኝ። ጣቴን ጠጋ ሳደርግ እንደ ዱቄት ረገፈ። አሸንዳውን ለመጥረግ አንድ ሰው፣ አንድ መሰላልና ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። ሥዕሉን ለማዳን ግን ዓመታት ይጠይቃል፤ ያውም ከተረፈ።

የቅርስ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ጭንቀት እዚህ ጋ ነው። ሲቃጠል ሁሉም ይደርሳል። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል ከ150 አገሮች 340,000 ያህል ሰዎች ወደ 846 ሚሊዮን ዩሮ ሰጡ። ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው! ግን እስቲ «አሸንዳ ልንጠርግ ነው፣ አዋጡ» በሉ። ስንት ሰው ይመጣል?

ሌላም አለ። ብዙ ለጋሽ ገንዘቡን ከነዓላማው ነው የሚሰጠው። ለጉልላቱ የተሰጠ ለጉልላቱ ብቻ ይውላል። ይህ ተገቢ ነው፤ አደራ ነውና። ውጤቱ ግን ግራ ያጋባል። ባንክ ውስጥ ሚሊዮኖች እያሉ ለጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ የሚጠፋበት ወር ይመጣል።

ታዲያ ለአንድ ዓላማ ብቻ ያልታሰረ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የእንግሊዙ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ናሽናል ትረስት እ.ኤ.አ. በ1895 ተቋቋመ። በዓመቱ የመጀመሪያውን ቤት በ10 ፓውንድ ገዛ። ማደሱ ግን ከመግዣው ዋጋ በብዙ እጥፍ በለጠ። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኼ ነው። የአባልነት መዋጮ በየዓመቱ ይመጣል፤ ጣሪያ እስኪፈርስ አይጠብቅም። ትልቅ ቤት በስጦታ ሲቀርብለትም ድርጅቱ በአብዛኛው የማስጠገኛ ቋሚ ፈንድ አብሮ እንዲመጣ ይጠይቃል። አንዳንዱ ይህን እንደ ስግብግብነት ያየዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ሐቀኛው ጥያቄ ነው።

ላንድማርክ ትረስት የሚባለው ሌላ የእንግሊዝ ድርጅት ደግሞ ያዳናቸውን ሕንፃዎች ለእረፍት ያከራያል። ቤቱ ሰው ሲገባበት፣ መስኮቱ ሲከፈት፣ ለራሱ ጥገና ራሱ ይሠራል።

ገንዘብ በኑዛዜ የሚተዉ ሰዎችም አሉ። ስማቸውን የትም አናይም። ብዙ ጣሪያ ግን በእነሱ ቆሟል።

ስትወጡ ቅጽ ይሰጣችኋል። «ዓላማ» የሚል መስመር አለው። እባካችሁ እዚያ ላይ «ለጥገና» ብላችሁ ጻፉ። በየወሩ ትንሽ ብትሆንም ትበቃለች። መሰላሉን እኛ እናመጣለን።

አመሰግናለሁ።